ቀሪ

መምህር ደጀኔ ስም ሲጠሩ፣ እስክሪብቷቸው ይቸኩላል፤
«ሪድዋን ተማም» ሲሉ፣ ጉሮሮዬ ይቆለፋል።
ሦስተኛው ዴስክ ላይ አለሁ፣ ክንዴ ግድግዳ ተደግፎ፤
«አቤት» ምላሴ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል ታጥፎ።
ቀና ብለው አያዩም። ከስሜ ትይዩ ይጽፋሉ፦
ቀሪ።
በአንድ መንፈቅ ሠላሳ አንድ ቀን ቀረሁ፣
አንድም ቀን ሳልቀር።

ሄርማታ ገበያ ጥግ፣ ከጫማ ሰፊው አጠገብ፣
ጋሽ ሽብሩ ላስቲክ ወጥረው ያከራያሉ የሚነበብ።
አንዱን አነሡልኝ፤ ሽፋኑ የለም፣
የፊቱ አሥራ ስድስት ገጽም የለም።
«ውሰደው» አሉኝ፣ «መግቢያ የለውም፤ ግን ይገባል።»

ከገጽ አሥራ ሰባት ጀመርኩህ።
ልጅ ነበርክ፣ ዕድሜህ እንደኔ፣ የምትተርክ «እኔ» እያልክ፣
ስምህ በጠፋው ገጽ ቀርቶ ያለ ስም የበቀልክ።
እንግዳ ሲመጣ ጓሮ፣ ከሙዙ ሥር የምትደበቅ፣
ሰላም ሲሉህ ጫማህን የምታይ፣ ማንም ሳይስቅ የምትሳቀቅ።
አዌቱ ዳር፣ ከድልድዩ በታች፣ ድንጋይ ላይ አነበብኩህ፤
ውሃው ፌስታል እየጎተተ፣ ባጃጁ ከላዬ እያጓራ፣
የፈራህበትን ገጽ ብቻ እየመላለስኩ ደገምኩህ።
ገጽ ሠላሳ ላይ የአጎትህን ሬዲዮ ሰበርክ፣
ማንም ሳያይ ጓሮ ቀበርክ።

እኔም የቀበርኩት አለኝ።
የአባቴ አይሱዙ ቦንጋ ይመላለሳል።
ሐምሌ ላይ አንድ ማታ፣ እሱ ሲታጠብ፣ ስልኩ ጠራ፤
አነሣሁት።
«አባዬ» አለች አንዲት ትንሽ፣ አፏ ምግብ እንደያዘ፣
«አባዬ፣ መቼ ነው የምትመጣው?»
እህት የለኝም።
ዘጋሁት። ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክዬ
መለስኩት፣ ያልተነካ አስመስዬ።
እናቴ ጓዳ ሸሚዙን ትተኩስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሹክሹክታ ነው የምኖር።
«ደህና ነኝ» ልል፣ «አቤት» ልል፣ «ዳቦ ስጡኝ» ልል አፌን ስከፍት
ያቺ ድምፅ ከኋላ ተሰልፋ ትጋፋለች፤
ቃሌን ቀድማ ልትወጣ ትደርሳለች።

መጨረሻህ ላይ ጀግና ትሆናለህ ብዬ ነበር።
አልሆንክም። ሬዲዮውን ቆፍረህ አወጣህ፣ ከነጭቃው፣
አጎትህ ፊት አኖርከው።
እሱ ምን እንዳለህ አልተጻፈም። አለቀ።
ተናድጄ ወደ ጋሽ ሽብሩ ሮጥኩ፣
የመጨረሻውን ገጽ በጣቴ መታሁ፣ እያገላበጥኩ።
ገባቸው። «ቀሪ ገጽ የለውም» አሉ፣
«አንተ ግን ቀሪ አለብህ፤ የሁለት ሳምንት ኪራይ፣ አሥር ብር።»

በመጋቢት አንድ ሰኞ፣ ጉም ጅሬን ላይ ተኝቶ ሳይነቃ፣
«ሪድዋን ተማም።»
ዝም።
«ሮዳስ ክፍሌ።»
«አቤት!»
የኔ ድምፅ ነበር።
ወፍራም፣ ባለጌ፣ የማላውቀው፤
ሐምሌ ላይ ጥዬው የሄድኩት ቀጭን ነበር እኮ፣
እኔ ዝም ስል እሱ ጎርምሶ ጠበቀኝ ለካ።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሮዳስ ዞረች፦
«ታዲያ እኔ ማን ልሁን?» አለች።
ሳቄ አመለጠኝ።
መምህር ደጀኔ ቀና አሉ፤ ያን ጊዜ ፊቴን አዩት፤
«ቀሪ»ን ሲሰርዙ ወረቀቱን ቀደዱት።

ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወግራል፤
እናቴ የአባቴን ሸሚዝ ታጥፋለች፣ እጅጌውን ወደ ኋላ።
«እማ» አልኩ።
ደንግጣ ዞረች፣ እሱ የገባ መስሏት።
አየችኝ። ብዙ አየችኝ።
ሸሚዙን ከጭኗ አውርዳ ወንበሩ ላይ አኖረችው።
«አቤት» አለች።